ስለ አንድ የሣር ቤት

በየጁ ምድር አንድ ጐልማሳ ሚስት አግብቶ ከአባቱ ማዕድ ሲለይ፥ ሰዎች «ጎጆ ወጣ» ይሉታል። ቃልን መመርመር ለሚወድ ሰው አነጋገሩ ጥቂት ያስገርማል፤ ሰው ወደ ቤት ይገባል እንጂ ቤት አይወጣምና። ዳሩ ግን አባቶች ይህን ያሉት በከንቱ አይደለም፤ ጎጆ ማለት ግድግዳና ክዳን ብቻ ሳይሆን፥ ሰው ከሌላው ጥላ ወጥቶ የራሱን ጥላ የሚጥልበት ስፍራ ነው። የቅኔ ተማሪም ቢሆን ከመምህሩ ደጅ ሲደርስ አስቀድሞ የሚፈልገው መጽሐፍ አይደለም፤ እንጨትና ሣር ለቅሞ፥ ቀና ብሎ የማይቆምባትን ጎጆ ይቀልሳል። በጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፥ በመወድስ ስምንት ቤት መሥራትን የሚማረው ከዚያ በኋላ ነው። የግጥም መድረሻ «ቤት» መባሉም፥ ቤት ያልቀለሰ ቤት አይመታም ለማለት ይሆናል። ይህ ግን ጨዋታ ነው፤ ወደ ነገሩ መመለስ ይገባል።

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ስሪንቃን አልፎ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፥ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ መርሳ ይደርሳል። በስተ ምዕራብ ተራራው እንደ ግንብ ቆሞ ይታያል፤ በስተ ምሥራቅ ሜዳው ቀስ እያለ ወደ አፋር ቈላ ይወርዳል። ከመርሳ በላይ፥ ተራራው ሜዳውን በሚነካበት ስፍራ፥ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ ደፍተው የተቀመጡ አንዲት እናት የሚኖሩበት ክብ የሣር ቤት ነበረ።

ቤቱ የተሠራው በ1966 ዓ.ም. ነው። የወሎ ሰው ያን ዘመን የሚያስታውሰው በረሐቡ ነው፤ ነገር ግን በረሐብም ዘመን ሰው ያገባል፤ ያገባም ሰው ጎጆ ያስፈልገዋል። ባልየው መጀመሪያ ውኃ የማይተኛበት ጥቂት ተዳፋት ያለው መሬት መረጡ። ከመካከሉ ካስማ ተከሉና ስድስት ክንድ ገመድ አስረው ዞሩ፤ የገመዱ ጫፍ በዐፈሩ ላይ የጫረው መስመር የግድግዳው መሠረት ሆነ። ከዚህ የሚበልጥ መሐንዲስ አልተጠራም። በመስመሩ ላይ ጕድጓድ ተቈፍሮ የወይራና የጽድ ቋሚ ተተከለ፤ ምስጥ እንዳይበላውም ወደ መሬት የሚገባው ጫፍ አስቀድሞ በእሳት ተለብልቦ ነበረ። ቋሚውን ማገር በውስጥም በውጭም አቀፈውና በግራር ልጥ ታሰረ። ልጡ የሚታሰረው ርጥብ ሳለ ነው፤ ሲደርቅ ይኰማተርና የያዘውን እንደ ብረት ይጨብጣል። በዚያ ቤት አንድ ምስማር እንኳ አልገባም።

ከዚህ በኋላ ምሰሶው በመካከል ቆመ። ወራጆቹ ከግድግዳው ራስ ተነሥተው በምሰሶው ጫፍ ተገናኙ፤ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ማገርም ዞራቸው። የጣራው ቁልቁለት የቤቱ ዋና ምስጢር ነው። ቁልቁለቱ ያነሰ እንደሆነ ውኃው በሣሩ ላይ ይዘገያል፤ የዘገየ ውኃ ደግሞ ይሰርጋል። ክብ መሆኑም እንዲሁ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአንድ ልክ እንጨትና ጭቃ የተሠራ ክብ ግድግዳ ከአራት ማዕዘን ይልቅ ሰፊ ወለል ይከባል፤ ነፋስም የሚገፋው ማዕዘን አያገኝም። ረጅም ሠረገላ እንጨት የሌለው ድኻ በአጭር በአጭሩ እንጨት ሊሠራው የሚችል ቤት ይህ ነው።

ክዳኑ ሰንበሌጥ ነበረ። ሰንበሌጥ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ጐምርቶ ሲደርቅ፥ በጥቅምትና በኅዳር ይታጨዳል። ከዳኙ ከክፈፉ ጀምሮ እየደረደረ ወደ ላይ ይወጣል፤ የላይኛው ሣር የታችኛውን እስራት እየሸፈነው ይሄዳል። ጫፉ ላይ ሲደርስ፥ ውኃ በምሰሶው ራስ እንዳይገባ አፉ ወደ ታች የተደፋ ማሰሮ ይደረግበታል፤ ይህም የድኻ ጉልላት ነው። ለክዳኑ ቀን የመጣው ሰው ብዙ ነበረ። ሣሩን ካሳለፉት፥ ጭቃውን ከረገጡት መካከል እስላሙም ክርስቲያኑም ነበረበት፤ በሀብሩ ደቦ ሃይማኖት አይጠይቅም፤ የቤቱም መልክ የማን እንደ ሆነ አይናገርም። ሴቶቹ ጭድ ገብቶበት ለቀናት የሰነበተውን ጭቃ አቡክተው ግድግዳውን መረጉ፤ ወለሉንም በእበት ለቀለቁ። በውስጥ በኩል መደቡ ከግድግዳው ጋራ ዞረ፤ ጓዳው ተከፈለ፤ ከምሰሶው አጠገብ ምድጃው ተበጀ። የጢስ መውጫ አልተደረገለትም። ጢሱ በሣሩ ውስጥ እየተጣራ ይወጣል፤ በመንገዱም ወራጁንና ልጡን በጥቀርሻ ይቀባል፤ ጥቀርሻ የቀባውን እንጨት ተባይ አይደፍረውም። ስለዚህ ሰው የሚኖርበት የሣር ቤት ይሰነብታል፤ እሳት የጠፋበት ቤት ግን ፈጥኖ ይፈርሳል።

ለዚህ ዋጋ የሚከፍለው የሴት ዐይን ነው።

በ1977 ዓ.ም. ሁለተኛው ታላቅ ረሐብ በመጣ ጊዜ፥ ለከብት የሚቀመስ ነገር ከምድር ጠፋ። የቤቱ ጌታ ሁለት በሬ ነበራቸው። በሬ የሞተበት ገበሬ ዝናብ ቢመለስ እንኳ የሚያርስበት የለውም። ስለዚህ አንድ ማለዳ ወደ ጣራው ወጡና፥ ጢስ እምብዛም ያልነካውን የክፈፉን ሣር እየነቀሉ ወደ ታች ጣሉ፤ ሚስታቸውም ውኃ እያርከፈከፉ ለበሬዎቹ ሰጡ። በየቀኑ ከክዳኑ ጥቂት እየተነሣ፥ ቤተሰቡ ሌሊት ሌሊት በወራጁ መካከል ኮከብ እያየ ተኛ። አንዱ በሬ ሞተ፤ አንዱ ተረፈ። የተረፈው ከጎረቤት በሬ ጋራ ተቀናጅቶ ዐረሰ፤ በሚመጣውም ዓመት ሣር በበቀለ ጊዜ ቤቱ እንደ ገና ተከደነ። ይህን የሚያስብ ሰው በሣር ቤትና በመስክ መካከል ግድግዳ እንደሌለ ያስተውላል፤ ሣሩ ከመስክ ወደ ጣራ ይወጣል፥ ሲጨንቅም ከጣራ ወደ በሬ አፍ ይወርዳል። ቆርቆሮን እንዲህ ሊያደርጉት አይቻልም።

በዚያ አገር ዙሪያ የቤት ዓይነት ብዙ ነው። ወደ ላስታ የወጣ ሰው በላሊበላ በቀይ ድንጋይ የተሠራ ክብ ባለ ደርብ ቤት ያያል፤ ወደ ላይኛው ደርብ የሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ በውጭ በኩል ነው፤ ክዳኑ ግን ያው ሣር ነው። ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፈዋል፤ በኋላም በዙሪያቸው ይኖሩ የነበሩ ብዙ ሰዎች ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወሩ፥ ከነዚያ ክብ ቤቶች አንዳንዶቹ እንዲጠበቁ ቀርተዋል። ወደ ትግራይ የሄደ ሰው ግድግዳው ድንጋይ፥ ጣራው ዐፈር የተደለደለበትን ጠፍጣፋ ሕድሞ ያገኛል። ወደ አፋር የወረደ ደግሞ፥ ጐባጣ እንጨት ተተክሎ በሰሌን የሚሸፈነውን፥ በግመል ተጭኖ የሚሄደውን ቤት ያያል። ሁሉም በአጠገቡ ካለው ነገር ሠራ። ድንጋይ ያለው በድንጋይ፥ ሰሌን ያለው በሰሌን፤ የየጁ ሰው ደግሞ እንጨትና ሣር ነበረው። ነገሩ ያለው «ነበረው» በሚለው ቃል ላይ ነው።

የእናቲቱ ልጅ በወልድያ ከተማ መምህር ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ወልድያ በደረሰ ጊዜ፥ ልጆቹን ይዞ በእግሩ ወደ እናቱ ቤት ሄደ። በመንደሩም ሰላም አልነበረም፤ ቢሆንም ልጆቹ የተኙት እርሱ በሕፃንነቱ በተኛበት መደብ ላይ ነው። ከዚያ ወራት በኋላ ቤቱን ከቀድሞው ይልቅ ወደደው። ክዳኑም አርጅቶ በሁለት ወገን ማፍሰስ ጀምሮ ስለ ነበረ፥ ገንዘብ አጠራቅሞ በኅዳር ወር ወረደ።

«እምዬ፥ ቤቱን እኔ አሳድሰዋለሁ፤ ነገር ግን በቆርቆሮ አይደለም። አባቴ እንደ ከደነው በሰንበሌጥ ነው» አለ።

እናቲቱ ጥቂት ዝም ብለው «ያንተ ቤት በምንድን ነው የተከደነው?» አሉት።

«በቆርቆሮ ነው።»

«ያፈሳል?»

«አያፈስም።»

«እንግዲያስ ሣር የምትወደው በእኔ ራስ ላይ ነው።»

መምህሩ መልስ አላገኘም። እሳቸው ግን በቁጣ የተናገሩ አልነበሩም፤ ቀጥለውም «አባትህ ሣሩን በትከሻው አምጥቷል፤ ነፍሱን ይማር። ጭቃውን ያቦካሁት ግን እኔ ነኝ። በየዓመቱ የመረግሁት እኔ ነኝ፤ ጢሱንም የጠጣሁት እኔ ነኝ። ይኸው ዐይኔ አንተን የሚያውቅህ በድምፅህ ነው። ቢሆንም ሂድና ሣሩን ፈልግ፤ ካገኘህ እሺ ብያለሁ» አሉ።

ስለ ሣር ቤት ውበት በከተማ የሚናገሩ የተማሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ይህን የሚናገሩት በቆርቆሮ ሥር ተቀምጠው ነው። ቢሆንም የመምህሩ ፍቅር የውሸት አልነበረም።

ሣሩን ለመፈለግ አንድ በጎረቤት ያሉ ሽማግሌ አብረውት ሄዱ። እኒህ ሰው በጐልማሳነታቸው በዚያ አቀበት ብዙ ቤት የከደኑ፥ የአባቱንም ቤት ክዳን የጨረሱ እስላም ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ወደ ቀድሞው የጋራ መስክ ደረሱ፤ መስኩ ታርሶ ጤፍ ተዘርቶበት ነበረ። በሁለተኛው ቀን ወደ ገደሉ አፋፍ ወጡ፤ በዚያ የተረፈውን ሣር ባለ ከብቶቹ ገና ሳይጐመራ አጭደው ወስደውታል። መሬቱ ያው ነው፤ የሚካፈለው ልጅ ግን በዝቷል፤ አንድ አባት ያረሰውን አራት ወንድማማች ሲካፈሉት፥ በመጀመሪያ የሚጠፋው ለሣር የተተወው ጠርዝ ነው።

«አባባ፥ ከእንግዲህ በዚህ አገር ቤት የሚከድን የለም ማለት ነው?» አለ መምህሩ።

«አንተ ልጅ፥ ክዳን ያለቀው ከላይ መሰለህ?» አሉ ሽማግሌው፥ በበትራቸው መሬቱን እየነኩ። «ከታች ነው ያለቀው።»

ልጃቸው ይህን ሙያ አልወረሰም፤ ወደ ዐረብ አገር ተሻግሯል። በሀብሩ እንዲህ ያለው ብዙ ነው፤ በአቀበቱ ላይ በፀሐይ የሚያብረቀርቀው ቆርቆሮ አብዛኛው በባዕድ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ ወንድና ሴት ልጆች ደመወዝ ነው። «ከዳኝ» የሚለው ቃል የክዳን ባለሙያውንም፥ ጥሎኝ ሄደ የሚለውንም ኀዘን በአንድ አጻጻፍ ይይዛል። ሽማግሌው ግን ሰምና ወርቅ አልተማሩምና፥ ሲናገሩ የነበሩት ስለ አንደኛው ብቻ ነው።

ማሽላውም ቢሆን እንደ ቀድሞው አይደለም። የቀድሞው ማሽላ ከሰው ቁመት አልፎ የሚሄድ አገዳ ነበረው፤ አገዳውም አጥር፥ ማገዶ፥ የከብት ቀለብ፥ ለድኻም የማድ ቤት ግድግዳ ይሆን ነበር። ዝናቡ እየዘገየ ቶሎ መቋረጥ ስለ ጀመረ፥ በስሪንቃ ያለው የእርሻ ምርምር ማእከል ፈጥነው የሚደርሱ የማሽላ ዘሮችን ሲያወጣ ኖሯል። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ እህል ከአገዳ ይበልጣልና። ነገር ግን ፈጥኖ የሚደርስ ማሽላ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፤ ገበሬውም እህሉን እያመሰገነ በአገዳው ያዝናል።

የእንግሊዝም አገር ነገር እንዲሁ ሆኗል። በዚያ አገር የባላገሩ ቤት በስንዴ አገዳ ወይም በውኃ ዳር ሸምበቆ ይከደን ነበር። በሎንዶን ከተማ እሳት ብዙ ጥፋት ስላደረሰ፥ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1212 ዓ.ም. አዲስ ቤት እንዲህ እንዳይከደን ታዘዘ። ከከተማው አጥር ውጭ ግን ቀርቶ ነበርና፥ በ1613 ዓ.ም. የሼክስፒር ቴያትር ይታይበት የነበረው ግሎብ፥ ለጨዋታው ከተተኰሰ መድፍ የወጣ እሳት ክዳኑን ይዞት ተቃጠለ። በገጠሩ ክዳኑን የቀነሰው ሌላ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የምድር ባቡር ለክዳን የሚሆነውን ስስ ድንጋይ ከዌልስ አምጥቶ በየመንደሩ አደረሰ። በኋላም አጭር አገዳ ያለው የስንዴ ዘር መጣ፤ አጭዶ የሚወቃው መኪናም አገዳውን እየሰባበረ ለክዳን የማይሆን አደረገው። ከላይ አልነበረም፤ በዚያም ከታች ነው ያለቀው። ዛሬ ከቀሩት ቤቶች ብዙዎቹ በመንግሥት መዝገብ ተጽፈዋል፤ ባለቤቱ ክዳናቸውን ያለ ፈቃድ ሊለውጥ አይችልም። በስትራትፎርድ አጠገብ የሼክስፒር ሚስት ያደገችበት የሣር ቤት በ1892 ዓ.ም. ለመታሰቢያ ተገዝቶ እስከ ዛሬ ይጐበኛል። ለክዳን የሚሆን ረጅም ስንዴም ለዚሁ ተብሎ በልዩ ይዘራል፤ ዋጋውም ውድ ነው። የድኻው ክዳን የባለጠጋ ጌጥ ሆነ ማለት ነው። ለሀብሩዋ እናት ግን መዝገብ የሚጽፍላቸው፥ ሣር የሚዘራላቸው አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ሣር ተገኘ። የተገኘውም በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ነው። በመቃብሩና በዛፎቹ መካከል ሞፈር ስለማይገባ፥ ሰንበሌጡ እንደ ጥንቱ ቆሞ ነበረ። ሣሩ እየተሸጠ ለዕጣንና ለጧፍ ይሆን ነበርና፥ መምህሩ ዋጋውን ከፈለ። ሽማግሌው ከደጀ ሰላሙ በር ቆመው ከሩቅ በዐይናቸው ለኩት፤ «ለትልቁ ቤት ሲሦው ነው። ለማድ ቤት ይበቃል» አሉ።

እንግዲህ ለትልቁ ቤት የቀረው ቆርቆሮ ሆነ። አናጢው ከመርሳ መጥቶ ቤቱን ከዞረው በኋላ ራሱን ነቀነቀ። ቆርቆሮ ቀጥ ያለ ነገር ነው፤ በክብ ጣራ ላይ ሲደረግ በየጐኑ እየተቈረጠ ብዙው ይባክናል፤ ስለዚህ ግድግዳውም ፈርሶ በአራት ማዕዘን መሠራት አለበት አለ። መምህሩ ይህን አላሰበውም ነበር። ክዳን ብቻ የሚለወጥ መስሎት ነበርና፤ ክዳኑ ግን መሠረቱን ይዞ ሄደ። ስድስት ክንድ ገመድ የጫረው ክብ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ በሁለት ቀን ጠፋ። ሣሩ ሲወርድ በሥሩ ያሉት ወራጆች እንደ ተወለወለ ጫማ ጠቍረው ተገኙ። አናጢው ልጡን በቢላዋ ሊቈርጠው ቢሞክር ስለቱ ዶለዶመ። እናቲቱ ከግራሩ ጥላ ተቀምጠው ድምፁን ሲሰሙ «ውኃ አጠጣውና ቈይ፤ ራሱ ይለቅልሃል» አሉት። እንዳሉትም ሆነ።

አዲሱ ቤት የባሕር ዛፍ ቋሚና ምስማር ገባበት። ምሰሶ አያስፈልገውም ነበር፤ እናቲቱ ግን ምሰሶው እንዳይቃጠል ስላዘዙ፥ አናጢው ለሁለት ሠንጥቆ የበሩን መቃን አደረገው። ሽማግሌውም ከግቢው በስተ ኋላ ያለችውን ማድ ቤት በቤተ ክርስቲያኑ ሣር ከደኑ። ሰባት ቀን ፈጀባቸው፤ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበርና። ጫፉ ላይ ማሰሮ ደፉበት፤ ለሥራቸውም ዋጋ አልቀበልም ብለው፥ ቡና ብቻ ጠጥተው ሄዱ።

በሐምሌ መጀመሪያ መምህሩ እናቱን ሊጠይቅ ሲወርድ ከባድ ዝናብ መጣ። ቆርቆሮው አንዲት ጠብታ እንኳ አላሳለፈም። ነገር ግን ድምፁ እንደ ነጋሪት ስለ ነበረ፥ እናቲቱ በድምፁ ብቻ የሚያውቁትን ልጃቸውን መስማት አቃታቸው። ሁለት ጊዜ «ምን አልህ?» ብለው ጠየቁና ተዉት። ከዚያም ከመደቡ ተነሥተው መቃኑን እየዳበሱ ወጡ፤ ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ማድ ቤቷ ገቡ፤ ልጁም ተከተላቸው። በዚያ ዝናቡ በሣሩ ውስጥ ድምፁ ጠፍቶ ነበርና፥ ያቋረጡትን ወሬ ከተዉበት ጀመሩ። ጥቂት ቈይቶ ጢሱ የልጁን ዐይን ስላቃጠለው በኩታው ጫፍ ይጠርግ ጀመር። እናቲቱም ፊታቸውን ከምድጃው ሳያዞሩ «በሩን ክፈተው» አሉት።